ሦስት ኢንች የጠበበው በር

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ፕላን አልከፈት አለኝ። አትላንታ ሚያዝያ ሲገባ ጥዶቹ ቢጫ ብናኝ ያዘንባሉ፤ መኪናውም፣ የበሩ እጀታም፣ የሰው ቅንድብም ቢጫ ይሆናል። ቢሮ ገብቼ እጄን ታጠብኩና ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ብሩክሄቨን ውስጥ ለሚከፈት አንድ የጥርስ ክሊኒክ የምንሠራውን ፕላን ለመክፈት ተጫንኩ። ማሽኑ ያስባል፤ አሁንም ያስባል። ሻዬ ተጋምሶ ነው የተከፈተው። የዘገየበትን ምክንያት ሳላይ አውቄዋለሁ።

ሥራውን ለማያውቀው ሰው ነገሩን ላስረዳ። በኮምፒውተር የሚሠራ የሕንፃ ፕላን መስመርና ቁጥር ብቻ አይደለም። በየትኛው ማተሚያ፣ በምን ዓይነት ወረቀት፣ በምን ልክ እንደሚታተም የሚናገር ትእዛዝም በሆዱ ይዞ ይኖራል። ዲፎልት እንለዋለን። አንዱ ለራሱ እንዲመቸው ለውጦ ካስቀመጠው፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ያንን ምርጫ ይወርሳል። የተመረጠው ማተሚያ እዚህ ከሌለ ደግሞ ማሽኑ የሌለውን ነገር ሲፈልግ ይቆያል። የዚያን ቀን የሚፈልገው ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊልበርን የምትገኝ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ነበር። ናቲ የሚባል ሃያ አራት ዓመት የሆነው ልጅ አብሮኝ ይሠራል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከወላጆቹ ቤት ሆኖ ነው የሚሠራው። ማተሚያዋ የእሱ ናት።

እጄ ለማስተካከል ሄደ። ዝም ብዬ ወደ ቢሯችን ማተሚያ ልመልሰው፣ ዝም ብዬ ላስቀምጠው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በዚህች ትንሽ ነገር ለምን አሳፍረዋለሁ? ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ሳደርግ ነው የከረምኩት። የዚያን ቀን ግን ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የክሊኒኩ መታጠቢያ ቤት ነበር። በሩ ላይ ሠላሳ ስድስት ኢንች የሚል ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩን ሳየው እጄ ባለበት ቀረ። ጋሽ ሰይድ ትዝ አሉኝ።

ሳውቃቸው ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዲቪ መጥቼ፣ እዚሁ ዳውንታውን በአንድ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥሬ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ፕላን መንደፍ እማር ነበር። ጋሽ ሰይድ ታክሲያቸውን ከማቆሚያችን ፊት ለፊት አቁመው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ክንዴ ሥር ያለውን ጥቅል ወረቀት አይተው መስኮታቸውን አወረዱ።

«ልጄ፣ ስኬሉ ስንት ነው?» አሉኝ።

ስሜን አልጠየቁኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም አልጠየቁኝም። አበሻ አበሻን አሜሪካ ውስጥ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ መጣህ ነው፤ እሳቸው የጠየቁኝ የፕላኑን ስኬል፣ ስንት እጥፍ አንሶ እንደተነደፈ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው የታክሲው ኮፈን ላይ ዘረጉት። ትንሽ አዩትና፣ «ይህን ደረጃ የሚወጣ ሰው ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ ግንባሩን ይመታል» አሉ። አስተማሪዬ ያንን ሥራ አይቶ ጥሩ ነጥብ ሰጥቶኝ ነበር። ቤት ሄጄ ብለካው እውነትም ይመታል።

የደሴ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ድልድይና ጤና ጣቢያ በእጅ፣ በቀለም ሲነድፉ ኖረዋል። አሜሪካ ሲመጡ ያ እጅ መሪ ጨበጠ። ለዘጠኝ ዓመት መንገደኛ ከአየር ማረፊያ ሆቴል፣ ከሆቴል አየር ማረፊያ ሲያመላልሱ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ብቻ መብራት ላይ ሲቆሙ ሕንፃ ይመለከታሉ። ያኛው መስኮት ዝቅ ብሏል፣ የዚህኛው ጣሪያ ዝናብ ያጠራቅማል ይላሉ፤ ከኋላ የተቀመጠው ፈረንጅም ግራ ይገባዋል።

ትምህርቴን ስጨርስ ሚስ ጆይስ የምትባል ሴት ቀጠረችኝ። አትላንታ ተወልዳ ያደገች፣ ስድሳን የተጠጋች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ቢሮዋ ከመኪና ማቆሚያ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የልብስ ንጽሕና መስጫ፣ የፀጉር ቤት፣ ትንንሽ ክሊኒክ የመሳሰለውን እንነድፋለን። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ደፍሬ ስለ ጋሽ ሰይድ ነገርኳት። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው እንደሆነና ኮምፒውተር እንደማያውቁ አልደበቅኩም። «የሚያውቁትን ንገሪኝ» አለችኝ። ስለ ሰባተኛዋ ደረጃ ነገርኳት። ለሦስት ወር ሙከራ ተቀበለቻቸው።

ታክሲውን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይነዱ ጀመር። በአንድ ጣታቸው ቁልፍ እየፈለጉ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ እኔ በሁለት ዓመት ያልደረስኩበት ደረሱ። አንድ ምሽት በቢፎርድ ሀይዌይ ወደ ቤቴ ሲያደርሱኝ ቀይ መብራት ያዘን። መሪውን እንደያዙ፣ «ጽጌ፣ መሞቴ ካልቀረ እጄ መስመር እያሰመረ ቢሞት ደስ ይለኛል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ የሦስቱ ወር ሙከራ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የእኔም ሆነ።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ከእንጨት የተሠራች ባለ ሦስት ጎን ስኬል ማስመሪያ አለቻቸው፤ በነጭ መሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዟታል። ከማተሚያ የወጣን ወረቀት ሁሉ ሳይለኩ አይለቁም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል እንደሆነ ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ። «ስክሪን ጨዋ ነው፤ የጠየቅሽውን ብቻ ነው የሚመልስልሽ» ይሉኛል። ወረቀቱን ለክተው፣ መሐረቡን አራግፈው፣ ማስመሪያዋን ጠቅልለው መልሰው ይከቷታል። እኔ ይህን ሁሉ የሽማግሌ ጣጣ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ወጣት ምን ያውቃል።

ምሳም አብረን ነው የምንበላው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ባለቤታቸው የእኔን ጾም ቆጥራ ይዛ፣ በየቀኑ የምስር ሳምቡሳ ትልክልኛለች። ሙስሊም ቤት ውስጥ ስለ ሁዳዴ የሚጨነቅ ሰው በመኖሩ እኔ ራሴ ጾሙን ለመግደፍ እፈራ ነበር። ቃሪያው የሚያስነጥስ፣ ጠርዙ የሚንኮሻኮሽ ሳምቡሳ ነው። ጋሽ ሰይድ ሁለቱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ።

ሁለታችን የአንድ ሕፃናት ማቆያ ፕላን በጋራ ይዘን ነበር። ሊልበርን ውስጥ የሚከፈት፣ አንዲት የወሎ ሴት የምታቋቁመው ማቆያ ነው። ፕላኑ በጋራ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ አንዴ እሳቸው፣ አንዴ እኔ እንከፍተዋለን። አንድ ቀን ስከፍተው ዲፎልቱ ኤ ዋን ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ኤ ዋን አገር ቤት የምናውቀው ትልቁ የፕላን ወረቀት ነው። አሜሪካኖች ግን በኢንች የሚለካ ሌላ ወረቀት አላቸው፤ ከእኛው ትንሽ ይሰፋል፣ ይረዝማል። የጋሽ ሰይድ እጅ ሠላሳ ዓመት የለመደውን መርጦ ነው።

ልነግራቸው ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ደረጃዬን ያረሙልኝ እሳቸው፤ እኔ ወረቀት ላርማቸው? ደግሞስ ሚስ ጆይስ ብትሰማ? ዝም አልኩና ራሴ ለወጥኩት። እግረ መንገዴንም ጠረጴዛዬ አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ማተሚያ አዞርኩት። ወረቀቷ ትንሽ ስለሆነ፣ ፕላኑን ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ አጥብበህ አትም የሚለውን ምልክት አደረግኩ። ለረቂቅ እያተምኩ ለማየት ይመቸኛል። አስቀመጥኩት፤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ያተሙት እኔ ዘንድ ወጣ። መጥተው ወረቀቱን አነሱ፤ «ይቅርታ ልጄ፣ ረበሽኩሽ» አሉኝ። ሄደው ማጥበቢያዋን አጥፍተው ትልቁን ማተሚያና የለመዱትን ወረቀት መልሰው አስቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እኔ መለስኩት። በአራተኛው እሳቸው። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆንን። ሰላምታችን እንደወትሮው ነው፤ ሳምቡሳውም እንደወትሮው። በር ላይ ቆመው እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ዝናብ የደበደባቸው ሁለት ሰዎች ብታውቁ እኛ ነን።

ፕላኑ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ የሚገባበት ማክሰኞ ደረሰ። ጋሽ ሰይድ ከፈቱት፤ የእኔን ትንሽ ማተሚያ አዩ፤ ትልቁን መረጡ፤ ወረቀቱን ኤ ዋን አደረጉ። ያቺን የማጥበቢያ ምልክት ግን በጥድፊያው አላዩዋትም። ከትንሿ ማተሚያ ጋር ያደረግኳት ምልክት እንዳለች ቀረች። ሚስ ጆይስ የመኪናዋን ቁልፍ በእጇ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። በዚያች ዕለት ብቻ፣ በሕይወታቸው አንዴ፣ ወረቀቱን ሳይለኩ ጠቅልለው ሰጧት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ፕላኑ ተመልሶ መጣ። ሚስ ጆይስ ሁለታችንንም ጠርታ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የከተማው መርማሪ የመታጠቢያ ቤቱን በር በቀይ ከቦታል። በሩ ላይ ሠላሳ ስድስት ኢንች ተብሎ ተጽፏል፤ በማስመሪያ ሲለካ ሠላሳ ሦስት ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሕፃን የሚገባበት በር ነው። ቁጥሩን ልመን ወይስ መስመሩን፣ ብሎ ጽፏል። ቀሪውንም ስንለካ ሕንፃው በሙሉ እንደዚያው ጠቧል።

«ይህን ያደረገው ማነው?» አለች ሚስ ጆይስ። እንደወትሮዋ በቀስታ ነው ያለችው።

ጋሽ ሰይድ ማስመሪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነበር።

«ወረቀቱ የእኔ ነው» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «የአገሬን ወረቀት መረጥኩ። ከዚያም ሳልለካ ሰጠሁሽ። ይኸኛው ይብሳል።»

ስለ ምልክቷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወረቀት ብቻውን ፕላን እንደማያጠብብ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ሚስ ጆይስ መነጽሯን አወለቀች። የማቆያው ባለቤት ቤቱን የተከራየችው ፕላኑ እስከ አርብ ይገባል ተብሎ እንደሆነ አስታወሰችን። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «ሚስተር ሰይድ፣ ሦስት ወርዎም አርብ ነው የሚያልቀው። እንግዲህ አርብ እንነጋገራለን» አለች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አልዋጠችኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሥራዬን ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ምሳ ሰዓት ሆነ። እንደማንኛውም ቀን መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ዕቃቸውን ከፈቱ። ሁለቱን ሳምቡሳ እኔ ፊት አኖሩ፤ አንዱን ራሳቸው ፊት። ሁለቱን። የዚያን ቀን እንኳ ሁለቱን። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ጋሽ ሰይድ፣ የማጥበቢያዋን ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺስ ኤ ዋን መሆኑን ስድስት ሳምንት እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን ማረም... ይሉኝታ ያዘኝ።»

«እኔንም ያዘኝ። ቋሚ ሠራተኛ ነሽ፣ ያስገባሽኝም አንቺ ነሽ፤ ማተሚያሽን አንሺልኝ ማለት ደፋርነት መሰለኝ።» ሳምቡሳቸውን ቆርሰው ሳይበሉት አስቀመጡት። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የአገራችን ሰው። እኛ ደግሞ በር አጠበብን።»

ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከዚያ ተነስቼ፣ እጄን እንኳ ሳልጠርግ፣ ሚስ ጆይስ ክፍል ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ኤ ዋንን፣ ትንሿን ማተሚያ፣ ምልክቷን፣ ስድስቱን ሳምንት። ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«አንዳችሁ የሌላውን ስታስተካክሉ ነው የከረማችሁት ማለት ነው? ምንም ሳትነጋገሩ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። «ከመከባበር ብዛት» አልኳት በመጨረሻ። ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ይህን አንዱን ብቻ አይደለም። ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስተካክሉ» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጀመርን። መቶ አሥር ያህል ፕላን ነበር። እኔ እከፍታለሁ፣ ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ሲከፈት ማሽኑ ያስባል፤ በየሆዱ የተቀበረ ማተሚያ አለ። አሮጌ፣ የተጣለ፣ የተሰረቀ፣ ከቢሮ ቢሮ ስንዘዋወር የቀረ ማተሚያ። ጋሽ ሰይድ የእያንዳንዱን ስም ጮክ ብለው ያነባሉ። ሚስ ጆይስ ከክፍሏ ሆና ትሰማለች። «ያ ከፀጉር አስተካካዩ ቤት በላይ ሳለን የነበረው ነው» ትላለች። ቀስ በቀስ ወደ በሩ መጣች፤ ቀጥሎም የተቀቀለ ኦቾሎኒ በከረጢት ይዛ፣ ወንበር ስባ መሃላችን ተቀመጠች። የጆርጂያ ሰው ኦቾሎኒን ቀቅሎ በጨው ነው የሚበላው፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት፤ ባቄላ ባቄላ ይላል።

አንዱ ፕላን ላይ ጋሽ ሰይድ «የፍራንክ» ብለው አነበቡ። ሚስ ጆይስ ቅርፊቱን እንደያዘች ቆመች። ፍራንክ የመጀመሪያ ንድፍ ሠሪዋ ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያ ፕላን በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ የፍራንክን ማተሚያ ሲፈልግ ኖሯል። ጋሽ ሰይድ በአማርኛ፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉ፤ ተረጎምኩላት። ዓይኗን ጠረገችና፣ «እስቲ አንዴ ጠብቁ» አለች። ስሙን በወረቀት ላይ ጻፈችው። ከዚያ፣ «አሁን አጥፉት» አለችን።

ማተሚያውን በየትኛው እንተካው የሚለው ላይ እኔ ትልቁን ማተሚያ እናድርግ አልኩ። ጋሽ ሰይድ አልተስማሙም። «እሱም ነገ ይሞታል» አሉ። ከምርጫዎቹ መካከል ማተሚያ የለም የሚል አለ፤ እሱን አስመረጡኝ። ወረቀቱ የታወቀ፣ ልኩ አንድ ለአንድ፣ ማጥበቢያ የሌለው፤ ማተሚያውን ግን ማንም የሚያትም ሰው በዚያች ሰዓት ይምረጥ። «ፕላን የጋራ ነው። የማንንም ጠረጴዛ ተሸክሞ አይዙር» አሉ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በዚያ ቢሮ ውስጥ በዚያ ሁሉ ዓመት ማንም አላሰበውም ነበር።

ሌላም ጨመሩ። በየገጹ ግርጌ፣ በእጅ በሚነድፉበት ዘመን እንደሚያደርጉት፣ በጫማና በኢንች የተከፋፈለች አጭር መስመር አስቀመጡ። ወረቀቱ ቢጠብም ቢሰፋም መስመሯ አብራው ትጠብባለች፣ ትሰፋለች፤ ስለዚህ የለካው ሰው አይሳሳትም። ማክሰኞ ዕለት ያቺ መስመር ብትኖር ኖሮ መርማሪው ፕላኑ ጠቦ መታተሙ በደቂቃ ይገባው ነበር። እኔ ኮምፒውተሩን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። እሳቸው ግን ከኮምፒውተሩ ወዲያ ወረቀቱን የሚይዘውን ሰው ያዩታል፤ አናጢውን፣ መርማሪውን፣ በበሩ የሚገባውን ሕፃን። በዚያ ቀን ያየሁት ይህን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ አላጋጠመኝም።

አርብ ጠዋት የማቆያውን ፕላን አተምን። ጋሽ ሰይድ መሐረቡን ፈትተው እያንዳንዱን ገጽ ለኩ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ማስመሪያዋን ለእኔ ሰጡኝ። ለካሁት፤ ሠላሳ ስድስት። ሦስታችንም የጥዱ ብናኝ በነጠፈበት የእግር መንገድ ላይ ቢጫ ዱካ እየተውን ወደ ፈቃድ ቢሮው ሄድን። መርማሪው ማስመሪያውን በሩ ላይ አሳረፈ፤ ከግርጌ ያለችውን መስመርም አየ፤ «ይህን ድሮ ነበር የማየው» አለ። ተቀበለን።

ተመልሰን ቢሮ ስንገባ ሚስ ጆይስ ፕላኑን ኮምፒውተሬ ላይ እንድከፍተው አዘዘችኝ። ወዲያው ተከፈተ። በየገጹ ጥግ ነዳፊው የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ስሙ አይጻፍበትም። ራሷ ጎንበስ ብላ የጋሽ ሰይድን ስም ጻፈችበት። ፊደሉን ተሳስታ ስለነበር አጥፍታ እንደገና ጻፈችው። አንዱን ገጽ አትማ በእጃቸው ሰጠቻቸው፤ ሌላ ንግግር አላደረገችም።

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ይዘው መስኮቱ ዘንድ ሄዱ። ከታች የታክሲዎቹ ሰልፍ ይታያል። መሐረባቸውን አወጡ፤ ማስመሪያዋን አይደለም፣ መሐረቡን ብቻ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እዚያ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። ጡረታ ሲወጡ ማስመሪያዋን ለእኔ ተዉልኝ፤ እሷን ይዤ ነው ሚስ ጆይስ ስታርፍ ቢሮውን የተረከብኩት። ባለፈው ማክሰኞም መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። የክሊኒኩን ፕላን እንደተከፈተ ትቼ ወደ ናቲ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ናቲ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አልኩት።

«ፕሪንተሩ ነው አይደል?» አለ ቀና ሳይል።

«ታውቃለህ እንዴ?»

«ሶሪ ጽጌ። ግን ላይክ፣ ቤት ሆኜ ኦፕን ሳደርገው የአንቺ ፕሪንተር ነው የሚመጣው። ፎርኤቨር ነው የሚፈጅብኝ። ቼንጅ አደርገዋለሁ፤ በነጋታው አንቺ መልሰሽ ቼንጅ አድርገሽዋል።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

ጆሮው ቀላ። «እንዴት ብዬ? ቦሴ ነሽ። ደግሞ የማሚ ጓደኛ ነሽ።»

ልጁ እዚህ ነው የተወለደው፤ አንቱ ማለት እንኳ አያውቅም። ይሉኝታ ግን ቪዛ ሳትጠይቅ ገብታ ሊልበርን ቤት ይዛለች። ጥፋተኛውም እሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ማተሚያ የለም የሚለውን ምርጫ ከጋሽ ሰይድ የተማርኩት እኔ፣ ለፍጥነት ብዬ የራሴን ማተሚያ ፕላኑ ላይ ስጭን ከርሜአለሁ። «ሁለታችንም ነን» አልኩትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አብረን አስተካከልነው፤ አተምነው። መሐረቡን ፈትቼ ማስመሪያዋን ሰጠሁት። በየትኛው ጎኗ እንደሚለካ አያውቅም ነበር፤ አሳየሁት። በሩን ለካ። «ሠላሳ ስድስት» አለ፤ ደስ ያለው ይመስላል።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ደወልኩ። ሰማንያን እየተጠጉ ነው፤ ሊልበርን ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነው። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ማን ቀድሞ ተናገረ?» አሉኝ።

«እኔ ሄድኩለት።»

«ያኔም አንቺ ነበርሽ» አሉ። «ሁለት ሳምቡሳ አስቀምጬልሽ ቁጭ አልኩ እንጂ እኔ መናገር አልቻልኩም። ያቺ ምሳ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።»

ስልኩን ዘግቼ ማስመሪያዋን በመሐረቡ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ መለስኳት። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያች ምሳ የማፍረው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።